እንሰቱ ሲቀበር

እንሰት ሲቀበር አይቼ አላውቅም ነበር። ሲፋቅ አይቻለሁ፤ ቆጮው ጉድጓድ ገብቶ ሲሰነብት አውቃለሁ፤ የቡላ ገንፎ በቅቤ እየበላሁ አድጌአለሁ። ተክሉ ራሱ፣ አሚቾ የሚባለው ወፍራም ሥሩ ከነሕይወቱ፣ ጉድጓድ ተምሶለት አፈር ሲለብስ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ጊዜው የጥር መጨረሻ፣ ቦታው የዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከወላይታ ሶዶ ከተማ በእግር ግማሽ ሰዓት የምታስኬድ አንዲት ጓሮ።

ሰባን ያለፋቸው የሚመስሉ እናት ጉድጓዱ አፍ ላይ በርከክ ብለዋል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የልጅ ልጃቸው አካፋ ይዞ ቆሟል። አሚቾው እቅፍ ይሞላል። ግንዱ ከላይ ተቆርጦ ተጥሏል። መሐሉ ላይ ያለው፣ ቅጠል የሚያወጣው ለጋ እምብርት በቢላ ተሰርስሮ ወጥቶ በቦታው ፍግ የተቀላቀለበት አፈር ተጠቅጥቋል። ጥቂት ቀን ጥላ ላይ ሰንብቶ ቁስሉ ጠግጓል። እናትየው በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ሳሮ» አልኳቸው፤ ከወላይትኛ በአፌ የያዝኩት ሰላምታ ያ ብቻ ነበር። ከዚያ በአማርኛ፣ «ምን እየሠሩ ነው እማማ?»

ልጁ አስተረጎመላቸው፤ መልሳቸውንም ለእኔ መለሰ። «እናቲቱን እየቀበርናት ነው ትላለች። ልጆቿ እንዲነሱ።»

መነሳት ያለውን ቃል በወላይትኛ እንዲደግምልኝ ለመንኩት። «ደንዳ» አለኝ፤ ተነሳ ማለት ነው። አያቱ ጠዋት ለትምህርት ሲቀሰቅሱት ይሉታል። እንግዳ ሲመጣ ከወንበሩ እንዲነሳ ይሉታል። በጸሎት ቤት ስለ አልዓዛር ሲነበብ የሚሰማው ቃልም ከዚያው ሥር ነው። ዝም አልኩ። የእኛም ግዕዝ እንዲሁ ነውና። ትንሣኤ ማለት በመሠረቱ ብድግ ማለት፣ መቆም ነው፤ ዲያቆኑ በቅዳሴ መሐል ሕዝቡን ለጸሎት የሚያስነሳበት ቃል ከዚያው ግሥ ይወጣል። ወንጌል በተጻፈበት በጽርዕም ነገሩ ያው መቆም ነው። ሦስቱም ቋንቋዎች ጉልበት ያለው ነገር ይፈልጋሉ። ነፍስ ደግሞ ጉልበት የላትም።

አባቴን የቀበርኩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው፣ አዲስ አበባ። በዚያ ቀን ሁለት ሰዎች ሁለት መጽናኛ ነገሩኝ። አክስቴ እጄን ይዛ «ይሄ እኮ አፈር ነው፤ አባትህ እዚህ የለም፤ ነፍሱ አርፋለች» አለችኝ። ፍትሐቱን ያደረሱት ቄስ ደግሞ ወደ መቃብሩ እያመለከቱ «እዚህ ነው ያለው ልጄ፤ መለከቱ እስኪነፋ ይጠብቃል፤ ቦታውን አክብረው» አሉኝ። ሁለቱም ከልባቸው ነበር፤ ሁለቱም ያጽናኑኝ ነበር፣ አንድ ላይ ግን አይሆኑም። አባቴ እዚያ ካለ እዚህ የሚጠብቀው ማነው? እዚህ ካለስ እዚያ ያረፈችው ምንድን ናት? ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚነሳው ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ የዋልኩበትን ቀን አላስታውስም። ስጠይቅ ነው ክርክሩ ከእኔ እጅግ የሚቀድም፣ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ መሆኑን ያወቅሁት።

ቅዱስ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ55 ገደማ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ከመካከላቸው የሙታን ትንሣኤ የለም የሚሉ ነበሩ። ክርስቶስን ክደው አልነበረም። በግሪክ ጥበብ ላደገ ሰው ሥጋ የነፍስ ወህኒ ናት፤ የተፈታን እስረኛ መልሶ ማሰር ለእነርሱ የምሥራች አይሆንም። ጳውሎስ የመለሰላቸው መልስ ሁለቱንም ወገን ያስቸግራል። አካል በእርግጥ ይነሳል፤ ሥጋና ደም ግን መንግሥቱን አይወርሱም፤ የሚነሳው መንፈሳዊ አካል ነው። ምሳሌው ስንዴ ነው፤ የምትዘራው ራቁቱን ያለ ቅንጣት ነው፣ የሚወጣው ግን ሌላ መልክ አለው።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ይህን መልስ ለሁለት ቀደዱት። አንዱ ወገን መንፈሳዊ የሚለውን ይዞ ሄደ። ወደ ጢሞቴዎስ የተጻፈው ሁለተኛው መልእክት ሄሜኔዎስና ፊሊጦስ የተባሉትን ትንሣኤ አሁኑኑ ሆኖ አልፏል እያሉ ያስተምራሉ ብሎ ይወቅሳል። በላይኛው ግብፅ በናግ ሐማዲ እ.ኤ.አ. በ1945 ከተገኙት የቅብጥ መጻሕፍት አንዱ፣ ሬጊኖስ ለሚባል ሰው የተጻፈ መልእክት፣ ይህንኑ ትምህርት በሚያምር ቋንቋ ይዟል፤ አማኙ ከክርስቶስ ጋር አስቀድሞ ተነሥቷልና ለሥጋ መጨነቅ አያስፈልገውም ይላል። ሌላው ወገን አካል የሚለውን ይዞ፣ አካልንም ሥጋ ብሎ ተረጎመው። የአንጾኪያው አግናጥዮስ ክርስቶስ ከትንሣኤ በኋላም በሥጋ እንደነበረ ጻፈ። የሊዮኑ ሄሬኔዎስ እ.ኤ.አ. በ180 ገደማ መናፍቃንን በተቃወመበት ሥራ አምስተኛውን መጽሐፍ ሥጋ ይድናል ለማለት አዋለው። የካርታጎው ተርቱልያኖስ ደግሞ ስለ ሥጋ ትንሣኤ ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ሳገኘው የራቀ ነገር ነበር። ቀርቤ ላየው የፈለግሁት በወላይታ ነው። ምክንያቴ አንድ ቁጥር ነው። ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የሚባለው ማኅበር ሰዎች በ1920 ዓ.ም. ወላይታ ገቡ። በ1929 ዓ.ም. ጣልያን ሲያስወጣቸው በወላይታ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ነበሩ። ከወረራው በኋላ ሲመለሱ ያገኟቸው፣ እንደጻፉት፣ ወደ 10 ሺህ ይደርሱ ነበር። በእነዚያ ዓመታት የውጭ አስተማሪ አልነበረም፤ በእጃቸው የነበረው ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ብቻ ነው። መሪዎቻቸው ታሰሩ፤ ዋንዳሮ የተባለው ሰባኪ በአደባባይ ተገረፈ። ስለ ሞት የሚሉት የተጻፈ ሥርዓት ሳይኖራቸው በየቀብሩ አፋፍ ላይ ያገኙት ነው። የቆሮንቶስን ሰዎች ማግኘት ለማይችል ሰው ከዚህ የቀረበ ቦታ የት አለ? አያቶቻቸው የመጀመሪያዎቹ የሆኑ ሰዎች እዚህ በሕይወት አሉ።

ከሻሸመኔ ወደ ምዕራብ ታጥፈን አላባ ቁሊቶን፣ ሾኔን፣ ቦዲቲን ስናልፍ መሬቱ እየቀላ፣ ቤቶቹ እየተቀራረቡ መጡ። በየቤቱ ጀርባ እንሰት አለ፤ ሰፊ ቅጠሉ ከጣሪያው በላይ ወጥቶ ቤቱን ያቀፈው ይመስላል። ወላይታ ከአገራችን ገጠሮች ሰው እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አንዱ ነው፤ ያን ሁሉ ሕዝብ በዚያች ጠባብ ጓሮ ያኖረው እንሰት ነው። ዳሞታ መጀመሪያ ሰማያዊ ጥላ ሆኖ ታየኝ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ከተማዋን በትከሻው ያስደገፈ ተራራ። በዚህ ተራራ ጎን ሞቼና ቦራጎ የሚባል የዓለት መጠለያ አለ፤ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ከ50 ሺህ ዓመት በፊት ሰው ይኖርበት እንደነበር ከድንጋይ መሣሪያዎቹ አውቀዋል። ስለ ሙታን ለመጠየቅ ስንት ሺህ ትውልድ የተኛበት ተራራ ሥር መድረሴን ሳስብ ከመኪናው ከመውረዴ በፊት ጥቂት ቆየሁ።

ማታ ሥጋ ቤት ገባን። ወላይታ ሥጋ ሲያቀርብ ክብር አለው፤ የተሰቀለውን ያሳይሃል፣ ከየት እንደሚቆረጥልህ ይጠይቅሃል፣ ዳጣውን በሣህን ያመጣል። ልባዊ ግብዣ ነበር፤ የተጋበዝነውም ጠግበን አምሽተን ተነሳን። መኝታዬ ላይ ግን «ሥጋ» የሚለው ቃል ያዘኝ። በእኛ አንደበት የተሰቀለውም፣ የቆረብነውም፣ የምንቀብረውም ሥጋ ነው። ጳውሎስ ግን በሁለት ቃል ነበር የሚያስበው፤ ሳርክስና ሶማ። አማርኛ ሁለቱንም ሥጋና አካል ብሎ ይለያቸዋል፤ እኛ ነን ስንናገር የምንደባልቃቸው። በምዕራቡ ዓለም ይነገር የነበረው የጥንት የሃይማኖት መግለጫ የሥጋን ትንሣኤ ይናዘዛል። እኛ በየቅዳሴው የምንደግመው፣ የኒቂያና የቁስጥንጥንያ አባቶች ያቆሙት ጸሎተ ሃይማኖት ግን የሙታንን ትንሣኤ ነው የሚለው። የሚነሳውን ሥጋ ብሎ አልጠራውም፤ ነፍስም አላለውም። የሞተው ሰው ይነሳል አለ፤ በቃ። ልጅ ሆኜ ስንት ሺህ ጊዜ ብዬዋለሁ፣ ያን ሌሊት ግን እንደ አዲስ ሰማሁት።

በማግስቱ አንድ የመጻሕፍት መምህር ከደብሩ ግቢ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀበሉኝ። የወላይታ ክርስትና ከሚስዮን አልጀመረም። በትውፊቱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ዳሞት ወርደው ንጉሡን ሞቶሎሚን ያሳመኑበት ምድር ይህ ነው ይባላል፤ ደብረ መንክራት የሚባለው ገዳማቸውም በዚሁ በወላይታ አለ። መምህሩ ጥያቄዬን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ የኔታ።»

«አምስተኛው ማነው?»

«ትንሣኤ ሙታን።»

«ለምን መጨረሻ ላይ ሆነ? አራቱ ሳይገቡህ እርሱ ስለማይገባህ ነው። በተለይ ሥጋዌ። እግዚአብሔር ሥጋን ካልናቀ አንተ ማነህ የምትንቀው?»

እንዲህ ካሉ በኋላ ግን ያልጠበቅሁትን አደረጉ። ከሣጥናቸው ኩፋሌንና ሄኖክን አወጡ። ኩፋሌ ምዕራፍ 23 ላይ የጻድቃን አጥንት በምድር እንደሚያርፍ፣ መንፈሳቸው ግን ሐሴት እንደሚያደርግ ይናገራል፤ ያው የአክስቴ ቃል። ሄኖክን ገለጡ። ምዕራፍ 22 ላይ መልአኩ ሩፋኤል ለሄኖክ በምዕራብ ያለ ታላቅ ተራራ ያሳየዋል፤ በተራራው ውስጥ የሙታን መናፍስት እስከ ፍርድ ቀን የሚቆዩባቸው ጥልቅ ጎድጓዳ ስፍራዎች አሉ። ምዕራፍ 51 ላይ ደግሞ ምድር በአደራ የተቀበለችውን ትመልሳለች። ይሄኛው የቄሱ ቃል ነው። እኔ ሁለቱ አይታረቁም ብዬ ሁለት ዓመት ስብሰለሰል አንዱ መጽሐፍ ሁለቱን ይዞ እዚሁ አገር ሣጥን ውስጥ ነበር።

«ታዲያ የቱ ነው የኔታ?»

«አደራ የምታስቀምጠው የምትወደውን ነው» አሉና መጽሐፉን አጠፉ።

እኔም በተራዬ የማውቀውን ነገርኳቸው። የጴጥሮስ ራእይ የሚባል፣ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ መጽሐፍ አለ። ግሪኩ በቁርጥራጭ ካልሆነ ጠፍቷል፤ ሙሉው የቀረው በግዕዝ ብቻ ነው። ፈረንሣዊው ሲልቫን ግሬቦ እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ ያሳተመው ፓሪስ ከገባው ከአንቷን ዳባዲ ብራና ነው፤ ሌላ ቅጅ ደግሞ ከጣና ተገኝቷል። በዚያ መጽሐፍ አራዊትና አእዋፍ የበሉትን የሰው ሥጋ ሁሉ እንዲመልሱ ይታዘዛሉ፤ በየአጥንቱ ላይ ነፍስና መንፈስን የሚያገባው ኡራኤል ነው። መምህሩ የኡራኤልን ስም ሲሰሙ አማተቡ። የሐዋርያት መልእክት የሚባለውም እንዲሁ ነው። የቅብጡ ቅጅ ጎደሎ ሆኖ ካይሮ እ.ኤ.አ. በ1895 ሲገኝ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሙሉው እ.ኤ.አ. በ1913 የታተመው ከግዕዝ ነው። እዚያ ጌታ ከትንሣኤው በኋላ ጴጥሮስን የእጁን ችንካር፣ ቶማስን ጎኑን እንዲነኩ ያዝዛቸዋል። እንድርያስን ግን እግሬን ተመልከት ይለዋል፤ መሬቱን ይረግጥ እንደሆነ እይ። ምትሐት ዱካ የለውምና።

መምህሩ ይህን አልሰሙም ነበር። «እንድርያስ ዱካ» እያሉ ለራሳቸው ደጋገሙት።

በዚያው ቀን ከሰዓት ከከተማው ወጣ ባለ ቀበሌ ቀብር ላይ ተገኘሁ፤ ሟቹ የአንድ ወዳጄ ጎረቤት ነበሩ። ወንጌላውያን ናቸው። የመዘምራኑ ዜማ ሬሳውን ከፊት እየመራ ሄደ፤ እናቶቹ ግን ከኋላ ያለቅሱ ነበር፤ ዜማው ልቅሶውን አላጠፋውም፣ ልቅሶውም ዜማውን አላስቆመው። አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ቆመው ነበር። አባታቸው ከመጀመሪያዎቹ እንደነበሩ ነገሩኝ። ፊት መቧጨሩን፣ ደረት መድቃቱን የተዉት እነርሱ ናቸው። «ጎረቤት ሁሉ ሟቹን አልወደዱትም ብሎ አማቸው» አሉኝ። «አባቴ ግን አንድ ነገር ይል ነበር፤ የምናለቅሰው ስለተለየን ነው፣ የምንዘምረው ስለምንገናኝ ነው።» አባታቸው ተርቱልያኖስን እንዳላነበቡ ግልጽ ነው። «በምን አካል ነው የምትገናኙት?» ብዬ ጠየቅሁ። ሽማግሌው ጥያቄው ራሱ የገረማቸው መሰሉ። «በዚሁ ነዋ። እኔን በምን ያውቀኛል ታዲያ?»

ይህ መልስ ከሄሬኔዎስ አገር የመጣ አንድ ታሪክ አስታወሰኝ። እ.ኤ.አ. በ177 በሊዮን ከተማ ክርስቲያኖች ተገደሉ። አውሳብዮስ ያቆየልን የከተማዋ ምዕመናን መልእክት እንደሚለው ገዳዮቹ ሬሳውን ስድስት ቀን ካስቀመጡ በኋላ አቃጥለው አመዱን ሮን ወንዝ ውስጥ በተኑት። ምክንያታቸውን አልደበቁም፤ እንግዲህ ይነሱ እንደሆነ እናያለን አሉ። በትውፊት የሰማዕታቱ ቁጥር 48 ነው ይባላል። ሁለቱን 48ቶች የሚያገናኛቸው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ ቁጥሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከሽማግሌው ጋር የነበረ አንድ ጎልማሳ ግን ዝም አለ። የጎፋ ሰው ነው፤ ሥራው ሶዶ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ገዜ ጎፋ ውስጥ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የተናደው መሬት ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡትን ሁለተኛው ናዳ ነው የዋጣቸው። ሰዎች በእጃቸውና በአካፋ ጭቃውን ሲቆፍሩ የሚያሳየውን ምስል አይቼዋለሁ። እርሱም ከቆፋሪዎቹ አንዱ ነበር። «ያላገኘነው ዘመዴ አለ» አለኝ። «ሬሳውን ብናገኝ ብዬ ሌሊት እነሳለሁ። ሞቷል፣ አውቃለሁ። ግን አልቀበርነውም።»

ምን ልበለው? ነፍሱ አርፋለች ብለው እውነት ነው፣ ግን እርሱ ነፍሱን አልነበረም በጥፍሩ የሚፈልገው። ስለ ጴጥሮስ ራእይ ነገርኩት፤ የበሉት ሁሉ ስለሚመልሱበት፣ ከአንድም ሰው አንድም አጥንት ስለማይጠፋበት። ስለ ሄኖክም ነገርኩት፤ ምድር የተቀበለችው ሁሉ አደራ ስለመሆኑ። ሲሰማኝ ቆይቶ «ይሄ በግዕዝ ተጽፎ አለ?» አለ። አለ አልኩት። «በአማርኛ ፈልግልኝ» አለኝ። ቃል ገብቻለሁ።

ለሊቃውንቱ ይህ ጥያቄ የዋዛ ነገር አልነበረም። ሰውን ዓሣ ቢበላው፣ ዓሣውን ሌላ ሰው ቢበላው ሥጋው የማን ነው? አቴናጎራስ በዚህ ላይ ብዙ ለፍቷል። የእስክንድርያው አርጌንስ ደግሞ ሥጋ እንደ ወንዝ ነው አለ፤ ዛሬ ያለው ውሃ ትናንት የነበረው አይደለም፣ ወንዙ ግን ያው ወንዝ ነው። ስለዚህ የሚነሳው ቁሱ ሳይሆን መልኩ፣ በውስጡ ያለው የዘሩ ኃይል ነው። ብዙ አባቶች ተቆጡበት፤ ከእነርሱ አንዱ ኤጲፋንዮስ ነው፤ የእርሱ ቃል ቄርሎስ በተባለው የግዕዝ መጽሐፍ ውስጥ እስከ ዛሬ ይነበባል። አርጌንስን ሳነብ ትክክል ይመስለኛል። የጎፋውን ሰው ስሰማ ደግሞ አርጌንስ የሚያጽናናው ለሟቹ ሩቅ የሆነን ሰው ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ሁምቦ ደርሼ ተመለስኩ። ራቁቱን የነበረ ተራራ ነው፤ ደኑ ተጨፍጭፎ አልቆ ነበር። በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን መርሐ ግብር የተመዘገበው 2,728 ሄክታር ደን የተመለሰው ግን ችግኝ በመትከል ብቻ አልነበረም። ሥሩ አልሞተም ነበር። ገበሬዎቹ ከብት ከለከሉ፣ ከየጉቶው ከሚወጣው ቡቃያ ጠንካራውን መርጠው ሌላውን ገረዙ፤ ዛፉ በገዛ ሥሩ ላይ ቆመ። ኢዮብ ለተቆረጠ ዛፍ ተስፋ አለው፣ ሰው ግን ሲሞት ወዴት አለ ብሎ ያለቀሰበትን ምዕራፍ እዚያ ቆሜ አስታወስኩት። ኢዮብ ሁምቦን ቢያይ ለቅሶው ባይቀርም ጥያቄውን ሌላ ጊዜ ደግሞ ይጠይቅ ነበር።

ከሁምቦ ስመለስ ነው ያቺ ጓሮ ውስጥ የገባሁት።

ልጁ አፈሩን መመለስ ሲጀምር አያቱን ስንት ልጅ እንደሚወጣ ጠየቅኋቸው። «እንደ አሚቾው ጤንነት ነው፤ አርባም፣ መቶም።» በዓመቱ ነቅለው በየቦታው ይተክሏቸዋል፤ ደግሞ ያዛውሯቸዋል፤ ለመብል የሚደርሱት ከአምስትና ስድስት ዓመት በኋላ ነው።

«ስማቸውስ ምን ይባላል?»

«የእናታቸው ስም ነዋ» አሉ። እንሰት በወላይታ በየዓይነቱ ስም አለው፤ ሴቶቹ ገና ከቅጠሉ አከርካሪ ቀለም ማንነቱን ይለያሉ። ከዚህ አሚቾ የሚወጡት መቶም ቢሆኑ በአንድ ስም ይጠራሉ፣ አንድ ዓይነት ጣዕም አላቸው፣ አንድ በሽታ የሚያጠቃቸው እንደሆነ ሁሉንም ያጠቃቸዋል።

«ታዲያ እናቲቱ ሞተች ወይስ አልሞተችም?»

ልጁ ሲያስተረጉም ሳቀ። አያቱ አልሳቁም። እጃቸው ላይ ያለውን አፈር አራገፉና ትንሽ አሰቡ። «በስብሳ ትጠፋለች» አሉ። «ግን እርሷው ናት።»

ስንዴ ሌላ ነው፤ ስንዴን የሚዘራ ሰው ቅንጣቱን ከአገዳው ለይቶ፣ ወቅቶ፣ አበራይቶ ነው የሚዘራው። ጳውሎስ የሜዲትራንያን ሰው ነበርና በእጁ ያለውን ምሳሌ ተጠቀመ። እንሰት ግን ለመነሳት ዘር አይጠይቅም። የሚቀበረው ራሱ አካሉ ነው፣ የቆሰለው፣ እምብርቱ የተሰረሰረው፣ መሐሉ በአፈር የተሞላው። የሚወጣው በቁስሉ ዙሪያ ነው። ቁሱ ያው አይደለም፤ አርጌንስ ልክ ነው። ከአካሉ ውጭም አልመጣም፤ ተርቱልያኖስም ልክ ነው። ስሙም አልተለወጠም፤ በምን ያውቀኛል ያሉት ሽማግሌም ልክ ናቸው። አማርኛችን ለዚህ ከሥጋም ከአካልም የተሻለ ቃል አለው። ሲያመን «ሰውነቴን» እንላለን። ሰው መሆናችንንና ገላችንን በአንድ ቃል ስንጠራ ኖረናል። አባቴን ያጠብንበት ቀን፣ ውሃው ትከሻው ላይ ሲወርድ፣ ያጠብነው ሰውነቱን ነበር፤ አክስቴም ስታለቅስ የነበረችው ሰውነቱን ይዛ ነው።

ልጁ የመጨረሻውን አካፋ አፈር መለሰ። አያቱ ተነሱ፤ እጃቸውን ልሰጣቸው ስል በገዛ ጉልበታቸው ነበር የተነሱት።

«ለፋሲካ ይምጡ ትላለች» አለኝ ልጁ። «በልጉ ከጣለ ያን ጊዜ ብቅ ብቅ ይላሉ።»

«እመጣለሁ እማማ።»

ጫማቸውን አወለቁ። የተከመረውን ለስላሳ አፈር በባዶ እግራቸው ዙሪያውን ረገጡት፣ አየር እንዳይገባበት፣ ቀስ እያሉ፣ አንድ ቦታ ሳይዘሉ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቀዩ አፈር ላይ የአምስት ጣታቸው ዱካ ጥርት ብሎ ቀርቷል፤ ልጁ አካፋውን ሲያነሳ እንዳይነካው ዞሮ አለፈ።